ስለ አቀበት ውድድር የተሰመረ መዝገብ

በመንግሥት ሥራ ካርቱም ተመድቤ፣ ጀብራ በተባለው ሠፈር በተቀመጥሁበት ዘመን፣ በየዓርቡ ማታ ቡና አብረን የምንጠጣ የሀገር ልጆች ነበርን። የሚበዙት አውቶሞቢል የሚነዱ ወይም የሚጠግኑ ወጣቶች ስለ ነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ወር ማኅበር አቋቋሙና አንድ የአቀበት ውድድር ቀን እንዳሰናዳላቸው ለመኑኝ። ጸሐፊነቱ የደረሰኝ ስለ ሞተር ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በማደጌ መዝገብ ማስመር ስለምወድ ነው።

በትግርኛ ዓቐብ የምንለውን አማርኛ አቀበት ይለዋል። የአቀበት ውድድር መኪኖች ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበት አይደለም። እያንዳንዱ ነጂ ብቻውን ከግርጌ ተነሥቶ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ ተፎካካሪው ሰዓት ነው። በእንግሊዝ አገር ሼልስሊ ዋልሽ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905፣ በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ የተጀመረው ደግሞ በ1916 ነው። የፓይክስ ፒክ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 156 መታጠፊያ ሲኖረው፣ ፍጻሜው 4,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ካርቱም ግን ሜዳ ናት። ስለዚህ አንዱ ወጣት፣ «የድልድዩ መውጫ ይበቃናል፤ ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው» አለ።

«ወንድሜ፣ ዳገት ሁሉ የውድድር ቦታ አይሆንም» አልሁት። መንገዱ በባለሥልጣን ፈቃድ መዘጋት አለበት። በየመታጠፊያው ባንዲራ የያዘ ሰው ይቆማል፤ የፍሬኑ ደኅንነት ያልተመረመረ መኪና አይነሣም፤ አምቡላንስ ሳይደርስ ውድድር አይጀመርም። ተመልካች በመታጠፊያው ውጭ በኩል አይቆምም፤ የወጡትም መኪኖች በአንድነት ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ወጣቱ ለጥቂት ቀን አኮረፈኝ። በመጨረሻ ግን ለዕረፍት ወደ ሀገር ስንገባ፣ በአላማጣና በኮረም መካከል ባለው በግራካሱ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፈቃድ ለመጠየቅ ተስማማን።

በመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ፣ «አደጋ ቢደርስ ለማን ይነገር?» የሚል ጥያቄ ጽፌ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ የሟች መዝገብ ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ፤ ሆኖም አሥራ አራቱም የእናታቸውን ወይም የወንድማቸውን ስምና ስልክ ሞሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ማኅበራችንም ሳይሰናበት ተበተነ። እኔ ከብዙ እንግልት በኋላ መተማ ስደርስ፣ መዝገቡ ከፓስፖርቴ ጋር በቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ያገኘኋቸውን ሁሉ ስለ ጓደኞቻቸው እየጠየቅሁ፣ ያን የተሳቀበትን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ደወልሁ። «እናቴ፣ ልጅዎ ደኅና ነው፤ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል» ለማለት የቻልሁላቸው ነበሩ። ያ አኩርፎኝ የነበረው ወጣት ከመተማ ወዲህ አብሮኝ ስለ ነበረ፣ ለእናቱ ራሱ ተናገረ።

ከአሥራ አራቱ ስም በአሥራ ሁለቱ ፊት ምልክት አድርጌአለሁ። ሁለቱ እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው፤ እናቶቻቸውም አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ውድድሩ አልተደረገም። መዝገቡን ግን አልዘጋሁትም።