ከውጭ አረንጓዴ፣ ከውስጥ ደረቅ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጽድ አጥራችን ነው። "ስለ አጥር ደግሞ ምን ይጻፋል?" እንዳትሉ። የራሴም ጥፋት ስላለበት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በሜዳው በኩል ያለውን የፈረንጅ ጽድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ ጋ ያለችውን ቀዳዳም ታውቋታላችሁ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሳረፍድ የምገባው በእሷ ነበር። ያኔ ጭንቅላት ብቻ ነበር የምታሳልፈው፤ አሁን ጥጃ ታሳልፋለች።

አንድ ቀን እዚያ ተደብቄ ቀና ስል ደነገጥኩ። ከውጭ አረንጓዴ የሆነው አጥር ውስጡ በሙሉ ቡናማና ደረቅ ነው። በዚያው ሳምንት ሰልፍ ላይ አጥሩ ስላረጀ ተነቅሎ በቆርቆሮ እንደሚተካ ተነገረን። ልጆች አጨበጨቡ። አትክልተኛችን አባባ ግን መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ችግኙን የተከሉት እሳቸው ናቸው።

በእረፍት ሰዓት ሄጄ "አባባ፣ ለምን ደረቀ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ግማሹ የእኔ ጥፋት ነው" አሉኝ። በየዓመቱ ላይ ላዩን ብቻ ሲከረክሙት ላዩ እንደ ምንጣፍ ጥቅጥቅ አለ። ብርሃን ወደ ውስጥ አልገባም፤ ብርሃን ያጣ ቅጠል ደግሞ ይረግፋል። አናቱም ከታቹ ስለሰፋ የታችኛውን አጠላበት። "ጽድ እንደ ፀጉር አይደለም፤ ቅጠል የሌለው እንጨት ድረስ ከቆረጥከው መልሶ አያቆጠቁጥም" አሉኝ።

"ሌላው ግማሽስ?" ስላቸው ወደ ቀዳዳዋ አዩ። አፈሩ በእግር ተረግጦ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። ውሃም አየርም እንደ ልብ ወደ ሥሩ አይደርስም። አፌ ደረቀ።

"እኔ ነኝ አባባ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፤ የቀኝ ጫማህ ተረከዝ የለውም" ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ መምህራችን ጋር ሆነን ርዕሰ መምህሩን ለመንን። እስከ መስከረም ጊዜ ተሰጠን። መጀመሪያ የሞቱትን ቅርንጫፎች ከውስጥ አወጣን፤ ብርሃን ገባ። ቀጥሎ አናቱን ጠበብ፣ ታቹን ሰፋ አድርገን አረንጓዴውን ብቻ ቀለል አድርገን ከረከምን። አፈሩን ሥሩን ሳንጎዳ ኮትኩተን ብስባሽ ጨመርን፤ ከላይም ደረቅ ሣር አለበስነው፣ ግንዱን ግን አላስነካነውም። ዝናብ ሲጠፋ በሳምንት አንዴ በደንብ እናጠጣዋለን። በየቀኑ ጠብ ጠብ ቢያደርጉለት ውሃው ወደ ታች አይወርድም።

የደረቀው አይመለስም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲጀምር ቀዳዳዋ ላይ አራት ችግኞች ተከልን። ከጉልበቴ አይበልጡም። እባካችሁ ብታረፍዱም በዋናው በር ግቡ።

እኔ ሰኞ አረፈድኩ። በዋናው በር ገባሁ፣ ስሜ ተመዘገበ፣ ሜዳውን እንዳጸዳ ተደረግኩ። ሳጸዳ ችግኞቹን አየኋቸው። አራቱም ቆመዋል።



ከ7ኛ ክፍል ተማሪ