ስለ ጢያ ትክል ድንጋይ

የጥንት ሰዎችን ሥራ ለማየት የሚወድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ በመልካ ቁንጡሬ አዋሽን ተሻግሮ፥ የቡታጅራን መንገድ ይዞ ቢሄድ ከሶዶ ጉራጌ አገር ይደርሳል። በዚያም ጢያ በምትባል ስፍራ በሜዳ ላይ የተተከሉ ድንጋዮች አሉ። ቁጥራቸው 36 ነው፤ ከእነርሱም 32ቱ ተቀርጸዋል። አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። በብዙዎቹም ላይ ሰይፍና ክብ ምልክት ይታያል፤ ጽሕፈት ግን የለባቸውም።

መንገደኛው «እነዚህን ማን ተከላቸው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ያገሩ ሰው ከአባቶቹ እንደ ሰማው «የግራኝ ድንጋይ ነው» ይለዋል። ሰይፉን ያየ ሰው ይህን ማመኑ አያስደንቅም፤ ግራኝ አሕመድ ዝናው የወጣ ጦረኛ ነበረና። ነገር ግን ሊቃውንት ሥፍራውን ቆፍረው በመረመሩ ጊዜ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አገኙ። መቃብሮቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተቆፈሩ ናቸው። ግራኝ የተዋጋው ግን ከ1529 እስከ 1543 ነው። እንግዲህ ድንጋዮቹ ሲተከሉ እርሱ ገና አልተወለደም ነበር።

በዚያ ከተቀበሩት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ስለ እነርሱ ያለቀሰ፥ ከባዱን ድንጋይ ጠርቦ ጎትቶ ያቆመ ሕዝብ ነበረ። የደከመበት ሙታኑ እንዳይረሱ ነው። ድንጋዩም አደራውን ጠበቀ፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። በ1980 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከዓለም ቅርሶች ጋር ተመዘገበ። የሠሪዎቹ ክብር ግን ለብዙ ዘመን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ኖረ።

ያገሩ ሰዎች ይህን ያሉት ለማታለል አይደለም። የሰው ልቡና ባዶ ስፍራ አይወድም፤ ባለቤቱ ያልታወቀውን ሥራ ሁሉ ዝነኛ ለሆነው ሰው ይሰጠዋል። ስሙ የገነነ ሰው ያልሠራው ይቆጠርለታል፤ ስም የሌለው ግን የሠራውንም ያጣል።

ይህ በድንጋይ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ገበሬዎች በደቦ ወጥተው ድልድይ ቢሠሩ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ «እገሌ የተባለው ሹም ያሠራው» ይባላል፤ ድንጋይ የተሸከሙት ይረሳሉ። የሰውን ገንዘብ የወሰደ ሌባ ይባላል። የሰውን ድካም ለሌላው የሚሰጥ ግን ማንም አይከሰውም፤ የተበደለው ሰው ቢሞት መናገር አይችልምና።

ስለዚህ አስተዋይ ሰው የሥራን ባለቤት ሳይመረምር አይናገርም። ስሙን ቢያገኝ ይጽፈዋል፤ ባያገኝም «የማላውቃቸው ሰዎች ደክመውበታል» ብሎ ያከብራቸዋል እንጂ ክብራቸውን ለባዕድ አይሰጥም።