ነጻ ሥራና ልኩ

አዲስ ንግድ የከፈተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው በሰው አለመታወቁ ነው። እጁ ሙያ ቢያውቅ፣ መሣሪያውም ቢሟላ፣ ደጁን የሚረግጥ ደንበኛ ከሌለ ሙያው ለራሱ ብቻ የሚታወቅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብዙዎች ሰውን ለመሳብ ሲሉ በነጻ መሥራት ይጀምራሉ። ይህ ልማድ መልካም ነውን ወይስ ክፉ? እኔ እንደሚመስለኝ ፍርዱ በሁለት ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በልኩና በከፋዩ ላይ።

ለገዢ አንዳች ነገር በነጻ መስጠት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ገበያ የወጣ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቅቤ ሻጪቱ ለገዢዋ በጣት ጫፍ ታስቀምሳለች፤ ማር ሻጩም እንዲሁ ያደርጋል። ሰፍራ የምትሸጠውም ሴት መስፈሪያውን ከሞላች በኋላ ጥቂት ትጨምራለች፤ ይህም ምራቂ ይባላል። መመረቅ ማለት በአማርኛችን መጨመርም ነው፣ መባረክም ነው። ነገር ግን ቅምሻው ከጣት ጫፍ እንደማያልፍ፣ ምራቂውም ከግዢው በኋላ እንደሚመጣ ልብ በሉ። ቅቤውን ሁሉ በነጻ የሚያድል የለም።

በባሕር ማዶም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ኮካ ኮላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ ሲጀመር፣ የአንድ ብርጭቆ ዋጋ 5 ሳንቲም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቶቹ አንድ ብርጭቆ በነጻ የሚያስጠጣ ወረቀት ለሕዝብ ያድሉ ጀመር። የመጀመሪያውን ቀምሶ የወደደ ሰው ሁለተኛውን በገንዘቡ ይጠጣል። መጠጡን ለቀዳው ባለሱቅም ኩባንያው ወረቀቱን ተቀብሎ ዋጋውን ይተካለት ነበር። እንግዲህ ስጦታው ልክ ነበረው፤ ከፋዩም ሰጪው ራሱ ነበር።

ልክ ያጣ ነጻ ሥራ የሚያመጣውን በሰፈራችን አይቻለሁ። አንድ አናጢ ስሙ እንዲሰማለት ብሎ ለአንድ ምግብ ቤት 6 ወንበሮች ያለ ዋጋ ሠራ፤ ይሉኝታም ይዞት የአንዱ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ አልተናገረም። በኋላ 20 ወንበሮች ታዘዙና ዋጋውን ቢጠራ፣ ባለቤቱ «ትናንት በምንም የሠራኸውን ዛሬ እንዴት አስወደድኸው?» አለው። ባለቤቱን ስስታም ብለን እንፈርድበት ይሆናል፤ ዋጋውን ያላሳወቀው ግን አናጢው ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለምን?

በዚያው መንገድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን የዘረጋ ልብስ ሰፊ ደግሞ በካርቶን ላይ «የተተረተረ መጥቀም፣ ቁልፍ መትከል በነጻ፤ አዲስ ልብስ በዋጋ» ብሎ ጻፈ፤ ዋጋውንም ከሥር ዘረዘረ። ለቁልፉም ለአዲስ ልብስ እንደሚጠነቀቀው ያህል ይጠነቀቅ ነበር። ቁልፍ ሊያስተክል የመጣው ሰው የእጁን ሥራ አየና ለበዓል የልጆቹን ልብስ ሊያሰፋ ተመለሰ።

ከልኩ የሚብሰው ግን የከፋዩ ነገር ነው። በነጻ የተሰጠ ሥራ ሁሉ ክር፣ መብራት፣ ኪራይና ጉልበት ፈጅቷልና አንድ ሰው ከፍሎበታል። ጌታው ከራሱ ኪስ ከከፈለ ሥራው ስጦታ ነው። አንዳንዱ ግን «ደንበኛ እስኪለምድ ታገሡ» እያለ ተቀጣሪዎቹን ያለ ደመወዝ ያሠራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በሙከራ ላይ ያለውም ሠራተኛ ሙከራውን እንደ ጨረሰው ሁሉ መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጁ ባይኖር እንኳ ኅሊና ይበቃ ነበር። ልጁ ራቱን ሳይበላ አድሮ ጌታው «ቸር ነጋዴ» ተብሎ ቢመሰገን፣ ያ ምስጋና የተሰረቀ ነው።

ልብስ ስፌት የተማረው የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሁለት ወር ለመጣው ሁሉ በነጻ ብሰፋስ?» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ እንዲህ አልሁት፤ «ሁለት ወሩን ሁለት ሳምንት አድርገው። ጥቃቅኑን በነጻ ሥራ፤ የትልቁን ዋጋ ጽፈህ ስቀል። ኪራይህን አስቀድመህ ለብቻው አስቀምጥ። ለሚያግዝህ ልጅ ደመወዙን በቀኑ ክፈል፤ ይህን ካልቻልህ ነጻውን ሥራ በገዛ እጅህ ብቻ ሥራው።»

ንግድ የምትጀምሩ ወጣቶች ሆይ፣ ለጋስነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሰው ድርሻ ቆርሳችሁ ለጋስ አትባሉ። ምራቂ ምርቃት የሚሆነው ሰጪው የራሱን ሲሰጥ ነው።