ሰው የሌለበት መንገድ

«ዛሬ መንገድ ላይ አንድም ሰው አላገኘንም። እንዲህ ያለ ቀን ከየት ይገኛል!»

ይህን ያለው የብስክሌት ቡድናችን መሪ ነው። ጡረታ የወጣ ደግ ሰው ነው፤ የማንም ጎማ ቢተነፍስ ቀድሞ ከኮርቻው የሚወርደው እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ላንስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ወንዝ ዳር አረፍ ብለን ምሳችንን ስንበላ ተናገረው፤ ሌሎቹም «እውነትህን ነው» ብለው ተቀበሉት። እኔ ግን የጎረስኩት አልወርድ አለኝ። ያደግሁት ጋምቤላ ነው። እዚያ «መንገዱ ላይ ሰው የለም» የሚለው ከአቦቦ የሚመለስ ሾፌር ነው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደዚያ ለሚሄደው ይነግረዋል፤ የሰማውም መኪናውን አዙሮ ይመለሳል።

ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም።

አካባቢው ደቡብ ምሥራቅ ሚኒሶታ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግሩ ይህን ጥግ ሳይደፈጥጠው ስለቀረ፣ ሌላው የክፍለ ግዛቱ መሬት ሜዳ ሲሆን እዚህ ገደልና ሸንተረር ይበዛል። ሩት የሚባለው ወንዝ በገደሎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ሄዶ ሚሲሲፒ ይገባል። በወንዙ ዳር ይሄድ የነበረው ባቡር ሥራ ሲያቆም ሐዲዱ ተነቀለና ከፋውንቴን እስከ ሂውስተን 68 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የብስክሌት መንገድ ተሠራበት። እኛ ከዚያ እየወጣን በእርሻዎቹ መካከል ሽቅብ በሚወጡት ጠባብ መንገዶች እንነዳለን። አመራረጡ ደግሞ ዘዴ አለው። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ በየመንገዱ በቀን በአማካይ ስንት መኪና እንደሚያልፍ ቆጥሮ በካርታ ላይ ያወጣል፤ መሪያችን ያንን ካርታ አይቶ ቁጥሩ ያነሰበትን ይመርጣል።

ውበቱን አልክድም። በመስከረም መጨረሻ ቅጠሉ ቀለሙን ሲለውጥ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ልብ ይሰርቃል። ግን ቤት እናያለን፣ በሩ ዝግ ነው። ማሳ እናያለን፣ አራሹ አይታይም። ውሻ ይጮኻል፣ ባለቤቱ ብቅ ብሎ «ማነው?» አይልም። ግማሽ ቀን ነድቼ እጄን ለሰላምታ ያላነሳሁበት መንገድ ለእኔ መንገድ አይመስለኝም።

የእኔ መንገድ የጎሬ መንገድ ነው። ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጉም ተሸፍና ትቀመጣለች፤ ጋምቤላ 526 ሜትር ላይ፣ ባሮ ዳር ናት። በመካከላቸው 150 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ በዚያ ውስጥ መሬቱ 1500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አባቴ ከመቱ መጥቶ ጋምቤላ የተመደበ መምህር ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአይሱዙ ጋቢና ተጣበን እንወጣው ነበር፤ መስከረም ሲጠባ እንወርደዋለን። ጎሬ ላይ የለበስነው ሹራብ ቡሬን ስናልፍ ይወልቃል። እዚያው መንገድ ላይ ያለችው ቦንጋ ስንደርስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ፊት ይገርፋል። ላይ በጫካው ጥላ ሥር ቡና፣ በዛፉ ላይ ጉሬዛ ነበር፤ ታች ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ሰማዩም ይሰፋል። በዚያ ሁሉ መንገድ ግን ሰው ያልነበረበት መታጠፊያ አላስታውስም። ጆንያ ያዘለች እናት፣ ደብተር በብብቱ የያዘ ተማሪ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ፣ ማንጎ ደርድራ የምትጠብቅ ልጅ። ቁልቁለቱን በብስክሌት የሚወርዱ ጎረምሶችም ነበሩ። ፍሬኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጫማቸውን የኋላ ጎማው ላይ እየረገጡ ነበር የሚያቆሙት። እናቴ ባየቻቸው ቁጥር ታማትብ ነበር።

ጋምቤላ ራሷ ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት የተመቸች ናት። ብስክሌታችን ከቻይና የመጣው ጥቁር ፎኒክስ ነው፤ ከባድ፣ ማርሽ የሌለው፣ ከኋላው የብረት መጫኛ ያለው። ማለዳ ላይ ከባሮ የወጣ አምባዛና ናይል ፐርች በእሱ ተጭኖ ገበያ ይሄዳል፤ የትልቁ ዓሳ ጅራት መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። ከዓሳው በኋላ ውሃ በጄሪካን ይጫንበታል፣ ከሰል በጆንያ ይጫንበታል፤ ከኒውላንድ ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት ተቀምጣበት ባሏ እየገፋ ሐኪም ቤት ሲያደርሳትም አይቻለሁ። እኛ ልጆች በሰዓት እንከራይ ነበር። ኮርቻው ላይ ተቀምጠን ፔዳሉ ስለማይደርስልን እግራችንን ከመካከለኛው ብረት ሥር አሾልከን፣ ጎንበስ ብለን እንነዳዋለን። ብስክሌት ለመዝናናት ብቻ ታጥቦና ተወልውሎ ሲወጣ ያየሁት እዚህ ነው። ለእሱ የሚለበሰው ልብስ ዋጋ ደግሞ አንድ የጋምቤላ ቤተሰብ ለብስክሌቱ ለራሱ ከከፈለው ይበልጣል።

የጎሬ መንገድ መኪና ሳይመጣም የሰው መንገድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል ይቀራሉ። የሚጭኑት ቡና ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በበቅሎና በሰው ትከሻ የወረደ ነው። በቅሎዎቹና ተሸካሚዎቹ ሲመለሱ ደግሞ ጨውና ጨርቅ ተሸክመው ያንን አቀበት ይወጡታል። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ፣ በራስ እምሩ የሚመራው መንግሥት ጎሬ ላይ ለወራት ሲቆይ ወደ ውጭው ዓለም የቀረው በር ይኸው የጋምቤላ መውረጃ ነበር። አባቴ ይህን ታሪክ ጋቢና ውስጥ ሲነግረን ሾፌሩም ረዳቱም ዝም ብለው ያዳምጡት ነበር።

ታዲያ መንገድ ሰው ሲያጣ ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው በንባብ አይደለም። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ በዋለበት ቀን፣ እዚህ ሌሊት ነበር፤ ስልኩን በእጄ ይዤ ነው ያነጋሁት። እህቴ በመጨረሻ አንስታ የነገረችኝ ስለ ተኩሱ አልነበረም። «በመስኮት እያየሁ ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል» ነው ያለችኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በኢታንግና በአቦቦ መንገድ ብዙ ሰው አልቋል። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ሲወስዱ፣ ጥቃቱ የደረሰው መንገዱም ጥበቃውም በሳሳባቸው ቀበሌዎች ነው። እኛ ዘንድ ከወታደር በፊት የሚጠብቅህ አብሮህ የሚሄደው ሰው ነው። ለዚህ ነው ያ ደግ ሰው በደስታ የተናገረው ነገር ሆዴን ያላወሰው። ብነግረው ይገባው ነበር፤ አልነገርኩትም።

ከቡድኑ ጋር ስነዳ ልቤ የሚሞቀው ሃርመኒ በምትባል ከተማ አካባቢ ስንደርስ ነው። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሚሽ የሚባሉ ገበሬዎች ሰፍረውበታል፤ መኪና አይነዱም፣ በፈረስ ጋሪ ነው የሚሄዱት። አንድ ጊዜ አቀበት ላይ ጋሪ ደረሰብን። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እጃቸውን ሲያውለበልቡ እኔም በአገሬ ልማድ ፍጥነቴን ቀንሼ አብሬያቸው ነዳሁ፤ እንደ ኢታንግ ልጆችም «ማሌ!» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ምን እንደሆነ ሳያውቁ እየሳቁ መለሱልኝ። ከቡድናችን አንዱ በኋላ የፈረሱ ፋንድያ መንገዱን እንደሚያበላሸው አማረረ። እኔ ግን የዚያን ቀን የነዳሁት ሰው በሚኖርበት አገር ነው።

እዚህ የማውቃቸው ብስክሌተኞች ስለ ኢትዮጵያ ሲነሳ ሌላ ነገር ነው የሚነግሩኝ። ከካይሮ ኬፕታውን በሚደረገው ጉዞ አገራችንን ያቋረጡ ሰዎች «ዩ! ዩ!» እያሉ የሚሮጡ ልጆች፣ አልፎ አልፎም የሚወረወር ድንጋይ እንዳስመረራቸው በየማስታወሻቸው ጽፈዋል። መጀመሪያ ሳነብ ደሜ ፈልቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ፣ አብረቅራቂ ልብስ የለበሰ ሰው ሰላም ሳይለው በአጠገቡ ሲፈተለክ ምን እንዲያደርግ ይጠብቃሉ? ቆም ብለው ስሙን ቢጠይቁት ብስክሌታቸውን ሽቅብ ይገፋላቸው ነበር። አሁንም ይህን አምናለሁ። ድንጋይ ግን ድንጋይ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የተመታ ሰው ሊሞት ይችላል።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ራሴም ያንን ሕዝብ ሸሽቻለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ብስክሌት መንዳት ተውኩ። የከለከለኝ የለም፤ አባቴ «ንጂ» ይል ነበር። ግን ከቤት ወጥቼ ገበያ እስክደርስ ድረስ ቀሚሴንም እግሬንም የማይመለከት አልነበረም፤ ጎረምሶች ይጮኹብኝ ነበር፣ ትልልቅ ሴቶች ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ያንቺ እኩያ እንዲህ ታደርጋለች?» ይሉኛል። ዘመዴም ጎረቤቴም የሆኑ፣ ብወድቅ ሮጠው የሚያነሱኝ ሰዎች ናቸው። እንደገና ኮርቻ ላይ የወጣሁት እዚህ ነው። ማንም ባላየኝ፣ በር ሁሉ በተዘጋበት በዚያ መንገድ ላይ ብቻዬን ስነዳ ትንፋሼ እንደ ልጅነቴ ተከፈተ። አሁንም እሑድ ጠዋት ማንንም ሳልጠራ ብቻዬን የምወጣበት ቀን አለ፤ ካርታውን አውጥቼ የምመርጠውም ያችኑ ትንሿን ቁጥር ነው።

ስለዚህ ፍረጂ ብትሉኝ አልፈርድም። የጎሬን ቁልቁለት ግን ሳልነዳው መሞት አልፈልግም፤ ሰላም ሆኖ ለገና አገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁም የማውቀውን ልንገራችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ የካቲትና መጋቢት ታች ቆላው ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከጎሬ ስትነሱ ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቁ፣ አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ መታጠፊያዎቹ ያንሸራትታሉ። ፍሬን ይዞ መውረድ ብረቱን ስለሚያግለው በየመካከሉ ቁሙ። ቡሬ ላይ ሻይ ጠጡ፤ ከታች የመጣ ሾፌር ፈልጋችሁም የመንገዱን ነገር ጠይቁ፣ «ተመለሱ» ካላችሁ ተመለሱ። ውሃ ከምታስቡት እጥፍ ያዙ። ቀጭን ጎማ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቢፈነዳ ጎሚስታው ይለጥፍላችኋል እንጂ ለእሱ የሚሆን ካላማዳሪ አያገኝላችሁም። ሴቶች ከሆናችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ የሚጮኸውን ስሙን ጠይቁት። ስትመለሱ ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጫኑት፤ አቀበቱን በፔዳል ካልወጣን ካላችሁ ደግሞ ሁለት ቀን መድቡለትና መንገድ ላይ እደሩ።