ስለ ጀልባ ልክ

ሰው ዕቃ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በዓይኑ ነው፤ የሚሸከመው ግን በትከሻው ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፥ ስፋቱንና ውበቱን አይቶ ክብደቱን ሳያይ የሚቀር ብዙ ነው። ይህን ነገር አጥብቄ ያሰብሁት ከባለቤቴ ጋር የሸራ ጀልባ ለመግዛት በመከርንበት ጊዜ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት በጣና ዳር ሲሆን ዛሬ የምኖረው በስዊድን አገር፥ በምዕራቡ የባሕር ጠረፍ፥ በጎተንበርግ ከተማ ነው። በዚህ አገር በጋ ሲመጣ ብዙ ሰው ቤተ ሰቡን በሸራ ጀልባ ይዞ ከደሴት ወደ ደሴት ይዞራል፤ ነፋሱ የተስማማው እንደ ሆነም ካተጋት የሚባለውን ባሕር ተሻግሮ ወደ ዴንማርክ ይደርሳል። እኛም ያጠራቀምነውን ገንዘብ ይዘን ስንፈልግ ሁለት ጀልባዎች ቀረቡልን፤ አንዲቱ 8 ሜትር፥ ሁለተኛዪቱ 12 ሜትር ርዝመት አላቸው። ትልቋ ብዙ ዘመን ያገለገለች ስለ ሆነች ዋጋቸው እምብዛም አልተራራቀም።

ባለቤቴ ትልቋን ወደደች፤ ምክንያቷም ከንቱ አልነበረም። ሦስት ልጆች አሉን፤ በትልቋ ውስጥ ለእያንዳንዳቸው መኝታ አለ፤ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሚጠጣው ውኃም ለብዙ ቀን ይበቃል። ደግሞም ረጅም ጀልባ ከአጭሯ ይልቅ ትፈጥናለች። ነፋሱ ቢበቃት ትንሿ በሰዓት 6 የባሕር ማይል ከሩብ ያህል ስትሄድ፥ ትልቋ ከ7 ማይል ተኩል በላይ ትሄዳለች። እንግዲህ የ50 ማይል መንገድ ለትንሿ 8 ሰዓት ሲሆን ለትልቋ 6 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ማዕበሉ ሲነሣም ከባዷ ጀልባ እንደ ቀላሏ አትንገላታም።

ትንሽ መሆንም በራሱ ደኅንነት አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓመት ከእንግሊዝ አገር ወደ ፋስትኔት አለት በተደረገው ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሥተው ዐውሎ ነፋስ ደረሰባቸው፤ ከተወዳዳሪዎቹም 15 ሰዎች ሞቱ። ጉዳቱ የበረታው በትንንሾቹ ጀልባዎች ላይ ነበረ። ነገር ግን ሰዎቹ ትተዋቸው ከወጡት 24 ጀልባዎች 19ኙ ከማዕበሉ በኋላ እንደ ተንሳፈፉ ተገኝተዋል። ከዚህ የምንረዳው ብዙ ጊዜ ከጀልባው አስቀድሞ የሚደክመው ሰው መሆኑን ነው።

እኔን ያሳሰበኝም ይኸው የሰው ኃይል ነው። የጀልባ ርዝመት በግማሽ ሲጨምር ክብደቷ በግማሽ ብቻ አይጨምርም፤ ርዝመቷም ስፋቷም ጥልቀቷም በአንድነት ሲያድጉ ክብደቷ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ትንሿ 3 ቶን ስትመዝን ትልቋ 10 ቶን የመዘነችው ስለዚህ ነው። ሸራዋም ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰፋል። ገመዱ፥ መልሕቁ፥ ሰንሰለቱ፥ ከሥሯ የሚቀባው ቀለም፥ ወደቡ በርዝመቷ የሚያስከፍለው ኪራይ፥ ሁሉም አብሮ ያድጋል። የሰው ክንድ ግን አያድግም። በጣና ዳር ባለ ታንኳው የደንገል ታንኳውን ከውኃ ስቦ በፀሐይ ያደርቃታል፤ ስቦ የማያወጣት ብትሆን ውኃ ጠጥታ ትበሰብስበታለች። ልኳን የሚወስነው ጕልበቱ ነው።

ሜትር ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። ጆሹዋ ስሎከም የተባለው መርከበኛ 11 ሜትር ያህል ርዝመት ባላት «ስፕሬይ» በምትባል ጀልባ ከ1895 እስከ 1898 ድረስ ብቻውን ዓለምን ዞረ፤ ብቻውን የዞረ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም። ነገር ግን አስቀድሞ የታላላቅ መርከቦች አዛዥ የነበረ፥ ዕድሜውን በባሕር የፈጀ ሰው ነው። የእንግሊዝ ሰዎች የሆኑት ኤሪክ ሂስኮክና ሚስቱ ሱዛን ደግሞ «ዋንደረር» ብለው በሰየሟት 9 ሜትር ያህል በሆነች ጀልባ ከ1952 እስከ 1955፥ እንደ ገናም ከ1959 እስከ 1962 ዓለምን ሁለት ጊዜ ዞሩ። ከዚያ በኋላ 15 ሜትር ያህል የሆነች የብረት ጀልባ አሠርተው ኖሩባት፤ ለሁለት ሰው ግን በዛችባቸውና የመጨረሻዪቱን 12 ሜትር ያህል አድርገው አሠሩ። ወደ ትልቅ ወጥቶ መመለስ እንዳለ ከእነርሱ ተማርሁ።

ነገሩን የቈረጠው ግን ባለቤቴ አንድ ማታ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። «አንተ ወደ ባሕር ብትወድቅና እኔ ከልጆቹ ጋር ብቻዬን ብቀር፥ ሸራውን አውርጄ፥ ጀልባዪቱን መልሼ፥ አንተን ከውኃ አውጥቼ ወደ ወደብ ልገባ የምችለው በየትኛዋ ነው?» አለችኝ። መልሱን በቃል ከመስጠት ይልቅ ሻጮቹን አስፈቅደን ሁለቱንም ሞከርናቸው፤ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ፥ እርሷ ሠራች። በትንሿ ሸራውን አወረደች፤ መልሕቁን ጣለች፤ አነሣችውም። በትልቋ ሸራውን በብዙ ድካም አወረደች፤ መልሕቁን ግን ልታነሣው አልቻለችም። ጎኗም ከውኃው በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ የወደቀን ሰው ከዚያ ስቦ ማውጣት ለእርሷ የማይሞከር ነበረ። ትልቋን የወደደችው እርሷ ነበረች፤ የተወቻትም እርሷ ናት።

ትንሿን ገዛን። የበኵር ልጃችን የሚተኛው ምግብ በምንበላበት ወንበር ላይ ነው፤ እኔም ውስጥ ስገባ አጎንብሼ ነው። እንግዳ አናሳድርም። ነፋሱ ሲበረታ ከወደብ አንወጣም፤ ዴንማርክን ለማየት ያሰብነውንም ጉዞ ሁለት በጋ አሳልፈነዋል። ይህ ሁሉ የከፈልነው ዋጋ ነው፤ ትንሽም አይደለም።

በወንጌል ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ተነግሮናል። ወጪ ሲባል ገንዘብ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ጕልበትም ይቈጠራል፤ የሚቈጠረውም የብርቱው ሰው ጕልበት በመልካም ቀን አይደለም። ቤት የሚሠራም፥ ማኅበር የሚያቋቁምም፥ ደብር የሚያስተክልም ሰው፥ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ይህን የሚይዘው ማን ነው፥ የሚይዘውስ በምን ኃይሉ ነው ብሎ ቢጠይቅ፥ የሥራው ልክ ራሱ ይገለጥለታል።