በስሙ የጠፋ ጥናት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ግን መልአክ አይደለም፤ ስምን የሚያውቀው ፊደል በፊደል ነው። ይህን ሳልረዳ ቀርቼ የአማካሪዬን አመኔታ ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ለመሥራት ስነሳ አማካሪዬ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ከአንተ በፊት የሠራ አለ ወይ?» ብለው ነው። ላይብረሪ ሄጄ «ሀዲስ አለማየሁ» ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ምንም የለም አለኝ። ደስ አለኝ! እውነቱን ለመናገር ሌላ ሙከራ ያላደረግሁትም ደስ ስላለኝ ነው። «ማንም አልነካውም» ብዬ ነገርኳቸው፤ ንድፌም በዚያው ጸደቀ።

ሁለት ምዕራፍ ከጻፍኩ በኋላ የዶርም ጓደኛዬ ለራሱ ጉዳይ ሲፈልግ በሐመሩ «ሐ» «ሐዲስ» ብሎ ጻፈ። እንዴ! አራት ጥናቶች ተደረደሩ። አንደኛው የእኔው ርዕስ ነው ማለት ይቻላል።

ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በንባብ አንድ ናቸው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘዋል። የፍለጋ ፕሮግራሙ አንድ አድርጎ እንዲያያቸው ካልታዘዘ በቀር የተለያዩ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በላቲን ፊደል የተመዘገበ ከሆነማ ጣጣው ይብሳል፤ አንዱ መዝጋቢ «ሐዲስ»ን በአንድ «ዲ»፣ ሌላው በሁለት «ዲ» ይጽፈዋል።

ጥናቶቹ ተማሪ በማይገባበት ክፍል ስለሚቀመጡ በአካውንቴ ገብቼ ጥያቄ አስመዘገብኩ። የወጣ ጥናት ጠረጴዛው ጀርባ የሚቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ሄጄ ስሜን ብናገር ሠራተኛዋ መደርደሪያውን አይተው «አልመጣም» አሉኝ። በሚቀጥለውም ቀን ያው። በአራተኛው ቀን አካውንቴን ስከፍት «ጊዜው አልፏል» ይላል። ተናደድኩ፤ በሰው ፊት ጮህኩባቸው።

እሳቸው ግን ረጋ ብለው «የአባትህ ስም ማነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለካ ጥናቱ ሦስቱንም ቀን እዚያው በአባቴ ስም ተቀምጦ ነበር! ፕሮግራሙ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች በመሆኑ፣ ስመዘገብ የአባቴ ስም በዚያ ቦታ ገብቷል፤ ወረቀቱ ላይም እሱን አስቀድሞ ያትማል። እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው።

አፈርኩ፤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ስንቱ ነው በአባቱ ስም የሚጠፋብን» ብለው ሳቁና ራሳቸው ገብተው አወጡልኝ።

ከዚያ የባሰው አማካሪዬ ቢሮ መግባት ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በአንድ ፊደል ብቻ ፈልጌ «የለም» ማለቴን ጭምር። ዝም ብለው ቆዩና «አሁን የተናገርከውን መግቢያህ ላይ ጻፈው፤ ከዚያ እሱ ካቆመበት ጀምር» አሉኝ። ሁለተኛው ምዕራፍ ወደቀ። የቀረው ግን ከበፊቱ የተሻለ ሆነ።

ችግሩ መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ለምሳሌ በኒውዚላንድ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ኮዱ ክፍት ነው፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል። በእኛ ግቢስ የኮምፒውተር ተማሪዎችና የቋንቋ ተማሪዎች ተቀምጠን ብንመክር ምን ይከብዳል?

እስከዚያው ግን፣ ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ በሦስቱም «ሀ» ፈልጉ። ጥያቄ አስመዝግባችሁ ስትሄዱም የአባታችሁን ስም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ «የለም» ሲላችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ።