ፍሳሽ ተከትለን ስንሄድ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የጻፍኩት በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼን እያሰብኩ ነው፤ አሁን በየወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሆናችሁ የምትሠሩትንም፣ ፋብሪካ የገባችሁትንም።

ደብረ ታቦር ተቀምጬ "የኢንዱስትሪ ፍሳሽ አጠናለሁ" ስል ሰው ይስቅብኛል። "የትኛው ኢንዱስትሪ?" ይሉኛል። በከፊል እውነታቸውን ነው። ጋፋት እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዚያ ነው፤ የአገሪቱ ከባድ ኢንዱስትሪ እኛ ሰፈር ተጀመረ ብለን ብንኩራራ ማንም አይከለክለንም። ከዚያ ወዲህ ግን ትልልቁ ፋብሪካ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን ሄዶ ተተከለ። ለእኛ የቀረው ጋራዥ፣ ላቫጆ፣ ቄራ፣ ዘይት መጭመቂያ ነው።

ውሃው ግን የከተማ ድንበር አያውቅም። ርብም ጉማራም ከጉና ነው የሚነሱት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጫፍ ወርደው፣ ፎገራ ላይ ሩዝ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ጣና በአባይ ይወጣል፤ አባይ ደግሞ ገና ከሐይቁ እንደወጣ የባሕር ዳርን ፋብሪካዎች ነው የሚያገኘው። ወሎ በኩል ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ትንንሽ ወንዞች የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች ፍሳሽ ተቀብለው ወደ ቦርከና ይወስዱታል። የቦርከና ውሃ ደግሞ መጨረሻው አዋሽ ነው። ስለዚህ "የክልሉን ፍሳሽ እናጥና" ስንል አይስ ቦክስ፣ ጀሪካንና የትብብር ደብዳቤ ይዘን ዞርን።

ፍሳሽ ሲባል ብዙ ሰው መርዝ ብቻ ይመስለዋል። ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ግን ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አተላ መርዝ አይደለም፤ ላም ትጠጣዋለች፣ ትወፍርበታለች። ያንኑ አተላ ግን ትንሽ ምንጭ ውስጥ ድፉት። በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ነፍሳት ሊበሉት ይረባረባሉ፤ እየበሉ ይተነፍሳሉ፤ እየተነፈሱ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው የሚሞተው ተመርዞ ሳይሆን ታፍኖ ነው። የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ ባብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ሳይጣራ ከወጣ አንዱ ሊትር ከ1,000 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ይጠይቃል። ላብራቶሪ ውስጥ ናሙናውን በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠን ስንት እንደበላ እንለካለን። የቆዳ ፋብሪካው ሌላ ጣጣ አለው። ጨው አለ፣ ኖራ አለ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ነገር አለ፤ ከሁሉ በላይ ክሮም አለ። አተላው ተበልቶ ያልቃል፤ ክሮም አያልቅም፤ ደለሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ጎርፍ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አውሮፓ የተጻፈው መማሪያ መጽሐፋችን ይሄን አያስብልንም። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። 20 ዲግሪ የሆነ ንጹህ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እኛ ጋ ከ6.5 ብዙም አያልፍም። የደጋ ወንዝ ቀዝቃዛና ኩልል ያለ ስለሆነ ሁሉን የሚችል ይመስለናል። ሲጀመር ግን ስንቁ ትንሽ ነው።

ልጆች፣ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይሄን ያዙ፦ ናሙና ብቻውን አይናገርም፤ የፍሰቱን መጠን ለኩ። መሣሪያ የለንም አትበሉ። 20 ሊትር ባልዲና ስልካችሁ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃል። ባልዲው በ8 ሰከንድ ከሞላ በቀን 216 ሜትር ኩብ ነው። ፍሳሹ በሊትር 1,500 ሚሊ ግራም ኦክስጅን የሚጠይቅ ከሆነ፣ በቀን 324 ኪሎ ይሆናል። ያንን ለመረዳት ከ6,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ቆሻሻውን በሙሉ በዚያች አንዲት ቱቦ ሲለቅ አስቡት። ፍሰት ካልለካችሁ ደግሞ በቀላሉ ትታለላላችሁ። የጉድጓድ ውሃ ከፍሳሹ ጋር ይቀላቀልና የናሙናው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ሕጋዊ ይሆናል፤ ወንዙ የሚቀበለው ጭነት ግን አንዲት ኪሎ አልቀነሰም። ወቅቱንም እዩ። በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ የሁሉንም ገመና ይሸፍናል፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን የሚደብቀው ነገር የለውም። የነሐሴ ናሙና ብቻ ያለበት ሪፖርት ሲመጣልኝ ገጹን ከመግለጤ በፊት ነው የማኮርፈው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ።

አንድ ፋብሪካ ሄድን። ስሙንም ከተማውንም አልጠራም። ደብዳቤያችን ከሳምንት በፊት ስለደረሳቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንደርስ ቱቦው የሚያወርደው ውሃ ሻይ ሊፈላበት ይችላል። አስጎበኙን፣ ለስላሳ ጋበዙን፣ ናሙናችንን ወሰድን። ማታ አራት ሰዓት ላይ ካረፍንበት ሆቴል አንዷ ተማሪዬ በሬን አንኳኳች። "መምህር፣ ይሸትዎታል?" ሸቶኛል። ከፋብሪካው በታች፣ ማንም የሚያልፍበት ድልድይ ላይ ሆነን በገመድ ባልዲ አውርደን ቀዳን። በባትሪ ስናየው አረፋው ከባልዲው አፍ አልፎ ይፈስሳል። በሕጉ አሲድነቱ ከ6 እስከ 9 መሆን አለበት፤ መለኪያችን ከ11 በላይ አነበበ። ኦክስጅኑ ዜሮ አጠገብ ነበር።

በማግስቱ ስልክ ተደወለልኝ። የማጣሪያው ኃላፊ ነው፤ የቀድሞ ተማሪዬ። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ፣ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ። "ቲቸር፣ ድልድዩ ላይ አይቻችኋለሁ" አለኝ። ዝም አልኩ። "ብሎወሩን ማታ ማታ የማጠፋው እኔ ነኝ። የመብራቱ ሂሳብ በመጣ ቁጥር ይጠሩኛል። ጄኔሬተር ላይ ከሆንንማ አይታሰብም። በቃል ነው የሚያዙኝ፤ ወረቀት የለም።" እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ክፍል ውስጥ እያለን ባክቴሪያው አየር ባጣ በሰዓታት ውስጥ ምን እንደሚሆን ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ያስረዳን እሱ ነበር። አሁንም አልጠፋውም። "ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩን ጻፉ፤ ብሎወር የሚለውን ግን አትጻፉ፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም" አለኝ።

ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ሰዓቱንም ጭምር። ብሎወሩን አልጻፍኩም። ከባልደረቦቼ ጋር እስካሁን የምንከራከርበት ነገር ነው። አንዱ "ምክንያቱ የሌለበት ግኝት ግማሽ ግኝት ነው" ይለኛል። የሰዓቱን ልዩነት ያየ መሐንዲስ ምክንያቱን በአምስት ደቂቃ ይደርስበታል፤ ልጁን ለማባረር የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ግን ከእኔ ሪፖርት አንድ መስመር አያገኝም። በዚህ አቋሜ ነኝ።

ከድልድዩ በታች አንዲት እናት አትክልት ያለማሉ። ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት። ጥጃ ሞቶባቸዋል። ወንዙ ነው የገደለው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ እሳቸው ግን ጥርጣሬ የላቸውም። "የኔ ልጅ፣ እየመጣችሁ በሀይላንድ ቀድታችሁ ትሄዳላችሁ። ወዴት ነው የምታደርሱት?" አሉኝ። ተማሪዎቼ መሬት መሬት አዩ።

ያኔ ነው ስለ አዋጅ ቁጥር 300/1995 የነገርኳቸው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ነው። አንቀጽ 11 ላይ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ደግሞ እንደኛ በደብዳቤ ደጅ አይጠናም፤ ሳያሳውቅ፣ በፈለገው ሰዓት መግባት ይችላል። ማታ አራት ሰዓትም ቢሆን። አዋጁ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ግን ስለሱ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

እናትየው በጽሞና ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ፋብሪካው አጥር እያዩ "ልጄ እኮ እዚያ ነው የሚሠራው" አሉ። ጫኝና አውራጅ ነው። ቀጠል አድርገው "አቤት ብል እሱን ያወጡብኛል። ዝም ብል ጎመኔን ለማን እሸጣለሁ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሕጉ አቤቱታ አቅራቢው ሰው ማን መሆኑን አይመርጥም፤ እርስዎ ባይፈርሙ ሌላ ሰው መፈረም ይችላል አልኳቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ከቀበሌው አንድ ሰው ደወለልኝ። ማመልከቻ ጽፈዋል፤ 14 ሰው ፈርሟል። ግማሾቹ ወንዙ የማይደርስባቸው፣ ከላይኛው ሰፈር ያሉ ሰዎች ናቸው። የእናትየው ስም የለበትም። መዝገብ ቤት ገቢ የተደረገበትን ማኅተምና ቀን በስልክ ፎቶ አንስተው እንዲያስቀምጡ ነገርኩት፤ 30 ቀኑን ማስላት የሚቻለው ቀኑ በእጃቸው ሲኖር ነውና። የእኛንም ውጤት እንዲያያይዙት ላክሁላቸው፤ የሕዝብ ድልድይ ላይ የተቀዳ ውሃ የማንም ምስጢር አይደለም። ይህን ስጽፍ 19ኛው ቀን ላይ ናቸው።

የፍሰት ማስሊያውንና የናሙና መመዝገቢያ ቅጹን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። የአሲድነት መለኪያ ትርፍ ያለው ካለ ደግሞ ያበድረን፤ የእኛው ባለፈው ድልድይ ላይ ወድቆ ተሰብሯል።